ከፍኖተ ሰላም የመጣው ቢላዋ

በዚህ ዕትም ወደ ጎጃም ይዣችሁ ልሄድ ነው። የመንገዳችን ምክንያት አንድ ቢላዋ ነው። ቢላዋው ይህን ስጽፍ በወጥ ቤቴ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። እጀታው የበሬ ቀንድ ነው፤ ስለቱ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ የወጣ ነው፤ ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር ትንሽ ይበልጣል። መልኩ አያምርም። ጀርባው ላይ የመዶሻው ምት እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ጎድጎድ ብሎ ይታያል። ነገር ግን ለበዓል ዶሮ ዐሥራ ሁለት ብልት ያወጣችሁ እኅቶች፣ መገጣጠሚያውን ሳያደቅቅ የሚያልፍ ቢላዋ ምን ያህል በረከት እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ! ከሱቅ የገዛኋቸው የሚያብረቀርቁ ቢላዋዎች ሁሉ በሁለት ፋሲካ ዶልዱመው መሳቢያ ውስጥ ተጥለዋል። ይህኛው ግን ገና ዛሬም ቲማቲሙን ሳይጨፈልቅ ይቆርጣል።

ጉዞው የተደረገው በ2014 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነበር። በአጥቢያችን የሚያገለግል አንድ ወጣት ከመዘምራን ኅብረት ከሆነች እኅት ጋር ለጋብቻ ተጠያይቀው ነበር። ባለቤቴ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሆኖ ተመረጠ። ሁለቱም በጌታ ቤት ያደጉ፣ የጋብቻ ትምህርቱን በሚገባ የፈጸሙ ናቸው። ታዲያ ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ የወጣቱ እናት አንድ ቀን ቤቴ መጡ። ቡና አፍልቼ ተቀመጥን። ብዙ ዙሪያ ጥምጥም ከሄዱ በኋላ፣ «እኅቴ፣ የልጅቷ አባት ቡሬ አካባቢ ቀጥቃጭ ነው አሉ። እኔ እንኳ ጌታን የማውቅ ሰው ነኝ፤ ይህ ለእኔ ምንም አይደለም። የሀገር ቤት ዘመዶቼ ግን ምን ይላሉ?» አሉኝ።

እኔስ ምን ብዬ መለስሁ? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም እንዲህ ባለው ገጽ ላይ ራሳችንን ጻድቅ አድርገን የምናቀርብበት ጊዜ በዝቷል። «ነገሩን በጸሎት ትንሽ እናቆየው» አልኋቸው። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ገላትያ ምዕራፍ 3ን በክርስቶስ ሁላችን አንድ መሆናችንን እየተነተንሁ ፈተና ጽፌ ያለፍሁ ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ ያደግሁት ጎጃም ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ሸክላ ሠሪዎቹ ሴቶች ጀበናና ድስት ይዘው በደጃችን ሲያልፉ እናቴ የምግቡን ሳህን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር። ባለእጅ የሆነ ሁሉ «ቡዳ» ነው፣ ማታ ጅብ ሆኖ ይወጣል፣ ዓይኑ ካረፈብህ ያምሃል እየተባልን ነው ያደግነው። ያንን ነገር ከዳነ በኋላ ልቤ ጥሎታል ብዬ አስብ ነበር። «በጸሎት እናቆየው» የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ግን ድምፁ የእናቴ ድምፅ ነበር።

ባለቤቴ የሆነውን ስነግረው ብዙ አልተናገረም። «ሽምግልናውን እዚያው ቤታቸው ድረስ ሄደን እንፈጽማለን፤ አንቺም ትመጫለሽ» አለ። ይኸው ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ፍኖተ ሰላም ወደ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማልደን ተነሥተን ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ጭጋጉ ገና ከዓባይ ሸለቆ አልተነሣም ነበር። ቁልቁለቱን ወርዳችሁ፣ ድልድዩን ተሻግራችሁ፣ ሽቅብ ወደ ደጀን ስትወጡ ጆሮአችሁ ይደፈናል። የሰሜኑ ጦርነት ገና ያልበረደበት ወቅት ስለነበረ በየኬላው ፍተሻ ነበር። ከደጀን በኋላ ግን ሜዳው ይከፈታል! በየአውድማው በሬዎች ጤፍ ያበራያሉ፤ የገለባው አቧራ በፀሐይዋ ላይ ወርቅ ይመስላል። ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳ በላን። ከዚያ ደምበጫን፣ ጅጋን አልፈን ከሰዓት በኋላ ፍኖተ ሰላም ገባን።

ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን መቀመጫ ናት። የቀድሞ ስሟ ወጀት ነበር፤ የአሁኑ ስሟ በግዕዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። በ1933 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በዚህ በኩል ማለፋቸው ነው ለስያሜው ምክንያት የሆነው ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ። የወንጌል አማኞች በዚያ አካባቢ ጥቂቶች ናቸው፤ ስለዚህ ከሩቅ የመጣን እንግዶች ስንሆን የሚቀበሉን ቤተሰቦች እንደ ሥጋ ዘመድ ናቸው። ያረፍነው በአንድ ጡረታ በወጡ መምህር ቤት ነበር። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ሁላችንም «ጋሼ» እያልን ነው የምንጠራቸው። ያን ጊዜ ዕድሜአቸው ሰባ ሁለት ነበር።

ሌሊቱን ደክሞን ተኝተን ማለዳ ላይ ከጓሮ በኩል ቀጭን የብረት ድምፅ ቀሰቀሰን። ኪን፣ ኪን፣ ኪን፤ ትንሽ ዝም ይልና እንደገና ኪን። የመምህሩ ባለቤት፣ እትዬ፣ በበሩ ብቅ ብለው፣ «የእኔ ሽማግሌ ነው። ዶሮው ከመጮኹ በፊት እርሱ ይጮኻል» አሉኝና ሳቁ።

ጓሮ ስንሄድ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ትንሽ ምድጃ አገኘን። ሁለት የፍየል ቆዳ ወናፎች አሉ፤ አፋቸው በሸክላ አፍንጫ በኩል ወደ ከሰሉ ይገባል። መስፉ ከአሮጌ ትራክተር የተረፈ ወፍራም ብረት ነው፤ ጉቶ ላይ ተተክሏል። ግድግዳው ላይ ጉጠቶችና መዶሻዎች ተሰቅለዋል። ከአንዱ ማዕዘን የከሰል ጆንያ ቆሟል፤ ከአዊ በኩል የሚመጣ የዲከረንስ ከሰል ነው። የአዊ ገበሬዎች ይህን የግራር ዓይነት ተክለው፣ በጥቂት ዓመታት ቆርጠው፣ አክስለው ይሸጡታል። ጋሼ ግን ያማርራሉ፦ «ለወጥ ጥሩ ነው፤ ለብረት የወይራን ያህል አይሆንም። ወይራ ግን ዛሬ ማን ይቆርጣል? ቢቆረጥም ያሳዝናል።»

እስቲ አንድ ቢላዋ እንዴት እንደሚወለድ በእርሳቸው አንደበት እንደሰማሁት ላውጋችሁ። ጋሼ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳይንስ ያስተማሩ ሰው ስለሆኑ ዛሬም ሲቀጠቅጡ ያስተምራሉ። መጀመሪያ ብረቱን መምረጥ ነው። «ከሕንፃ የተረፈ ፌሮ ይዘው የሚመጡ አሉ። ፌሮ ቢላዋ አይሆንም» አሉ። በብረት ውስጥ ያለው የካርቦን መጠን ነው ነገሩን የሚወስነው። ባሌስትራ ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን ስላለው ሲግልና በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ፌሮ ግን ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ ብታግሉትም ብታጠልቁትም ያው ለስላሳ ነው። ስለዚህ ጋሼ ከጋራዥ ሠራተኞች የተሰበረ ባሌስትራ በኪሎ ይገዛሉ።

ከዚያ እሳት። ብረቱ የበሰለ ብርቱካን እስኪመስል ድረስ ይግላል፤ በዚህ ጊዜ ይቀጠቀጣል። ወደ ጥቁር ቀይ ሲመለስ መዶሻው መቆም አለበት፤ ቀዝቃዛ ብረት መምታት ውስጡን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ድምፁ ጥቂት ኪን ኪን ብሎ ዝም የሚለው ለዚህ ነበር! አንድ ቢላዋ እስኪቀረጽ ብረቱ ደጋግሞ ወደ እሳቱ ይመለሳል። ስለቱ ሲቀጥን ወደ አንድ ወገን መጉበጥ ይወዳል፤ እንዳይጎብጥ ሁለቱንም ጎን እኩል መምታት ያስፈልጋል። ከዚያ ሞረድ ነው። ሞረዱ ከመዶሻው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ እዚህ ላይ ጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሰዓቱን ይረሱታል።

ዋናው ግን ማጥለቁ ነው። ጋሼ በክር የታሰረች ትንሽ ማግኔት አለቻቸው፤ ከሚያስተምሩበት ቤተ ሙከራ የተሰበረች ተጥላ ያነሷት ናት። የጋለውን ቢላዋ ወደ ማግኔቷ ያቀርቡታል። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት መሳቡን ያቆማል፤ ከዚያ ትንሽ አልፎ ሲግል ለማጥለቅ ጊዜው ደረሰ ማለት ነው። ያን ጊዜ በቶሎ ወደ ዘይት! በውኃ ከሆነ ቅዝቃዜው ኃይለኛ ስለሆነ ባሌስትራ ሊሰነጠቅ ይችላል። እኔ በቆምሁበት ዘይቱ ጢስ አድርጎ ነደደ፤ ጮኼ ወደ ኋላ ሸሸሁ፤ ባለቤቴ ዛሬም በዚህ ያሾፍብኛል።

«አሁን ጨረስን?» አልኋቸው።

«አይ ልጄ፣ አሁንማ መስታወት ነው። ብትጥይው ይሰበራል።» ስለዚህ ቢላዋው እንደገና፣ በዝግታ፣ በጋለ ወፍራም ብረት ላይ በጀርባው በኩል ይሞቃል። በተወለወለው ስለት ላይ ቀለም መምጣት ይጀምራል፤ በመጀመሪያ እንደ ገለባ ፈዛዛ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ በመጨረሻም ሰማያዊ። ለወጥ ቤት ቢላዋ በገለባው ቀለም ላይ ማቆም ነው። ሰማያዊ ከደረሰ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም፤ ነገር ግን ስለት አይዝም። ጋሼ ትንፋሻቸውን ይዘው ያያሉ፤ በዚያች ደቂቃ ቢጠሯቸውም አይሰሙም። እትዬ እንደነገሩኝ በአንድ ወቅት ቤታቸው እንግዳ ተሰብስቦ ጸሎት ሲጠበቅ ጋሼ ከጓሮ አልመጣም ብለው ቀለም ሲጠብቁ ተገኙ አሉ።

ብረት መቀጥቀጥ የጋሼ የዘር ሙያቸው አይደለም። ቤተሰባቸው ገበሬ ነው፤ ርስት ያለው፣ በአካባቢው የሚከበር። በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው ከብት ሲጠብቁ የአንድ ቀጥቃጭ ቤት ጢስ እየሳባቸው እዚያ መዋል ጀመሩ። ቀጥቃጩን «አያ» ይሏቸው ነበር። አያ መጀመሪያ ወናፍ እንዲነፉ ፈቀዱላቸው፤ ቀጥሎ ትንሽ መዶሻ ሰጧቸው። አባታቸው ሲሰሙ ጅራፍ አነሡ። ልጁ ግን አልተወም። ትምህርት ቤት ገቡ፣ መምህር ሆኑ፣ አገቡ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን የሚገኙት ምድጃው ላይ ነበር። ባልደረቦቻቸው «ባለእጁ መምህር» እያሉ ያሙአቸው ነበር። እትዬም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለወላጆቻቸው «ባሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪ ያስጠናል» ብለው ይዋሹ እንደነበር ነገሩኝ። በብልጭታ የተበሳሳውን ሸሚዝ ግን በምን ያሳብቡ?

በስልሳ ዓመታቸው ጡረታ ሲወጡ እትዬ ተጨንቀው ነበር። በነገራችን ላይ ይህን ለሚያነቡ ባለትዳሮች ልበል፤ ባል ጡረታ ሲወጣ ሚስትም አብራ ኑሮዋ ይለወጣል። ዕድሜ ልኩን ጠዋት ወጥቶ ማታ የገባ ሰው በድንገት ቀኑን ሙሉ ቤት ይውላል፤ በድስቱ ላይ አስተያየት መስጠት ይጀምራል። በአጥቢያችን ብዙ ባልና ሚስት በዚህ ዕድሜ ሲጣሉ አይተናል። ጋሼ ግን ሰኞ ጠዋት ወደ ጓሮ ወጡ። በዚያው ሳምንት እትዬ ወናፉን ያዙላቸው፤ እስከ ዛሬ የያዙት እርሳቸው ናቸው። አዲስ ቢላዋ ሲያልቅ ሽንኩርት ላይ የሚፈትኑትም እርሳቸው ናቸው፤ ዓይናቸው ካላነባ ቢላዋው አለፈ ይባላል። ቀጭን ስለት ሽንኩርቱን ሳያደቅቅ ስለሚቆርጠው ብዙ ጭማቂ አይረጭምና ነው። ጋሼ ቢላዋዎቹን አይሸጧቸውም። ለሚጋቡ ወጣቶች፣ ለጎረቤት፣ ለቀድሞ ተማሪዎቻቸው ይሰጧቸዋል። አቸፈር ውስጥ ሊበን ያለ የቀድሞ ተማሪያቸው ሳይቀር አንዱን ወስዶ በሬ አርዶበታል አሉ።

በዚያ ማታ ከራት በኋላ ባለቤቴ የመጣንበትን ጉዳይ ሲነግራቸው ጋሼ ዝም አሉ። የልጅቷ አባት የአያ ልጅ ኖሯል! ጋሼ ከብዙ ዝምታ በኋላ የነገሩንን እንዲህ ላስፍረው።

«አያ ቤት ስድስት ዓመት ስመላለስ እህላቸውን አልቀመስሁም» አሉ። «ጥበባቸውን ወሰድሁ፤ እሳታቸውን ሞቅሁ፤ እንጀራቸውን ግን ፈራሁ። ኪሴ ውስጥ ቆሎ ይዤ እሄድ ነበር። የአያ ሚስት ማዕድ ባቀረቡ ቁጥር ‘ጾም ነኝ’ እላቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት እንደ ልማዴ ጾም ነኝ አልሁ። ዓይን ዓይኔን አይተው፣ ‘ልጄ፣ የእናንተ ጾም አያልቅም እንዴ?’ አሉኝ። ያ ቃል እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።»

ጋሼ ጌታን ካገኙ በኋላ ወደ እኒያ እናት ቤት ተመልሰው ሄዱ። አያ ሞተው ነበር። «እናቴ፣ ርቦኛል» አሏቸው። እናትየው ሳቅ ብለው፣ «ጾሙ ተፈታ?» ብለው እንጀራ በሽሮ አቀረቡ። ጋሼ ይህን ሲነግሩን እንባቸው ይወርድ ነበር፤ እኔም አቀርቅሬ ነበር፤ ምክንያቱም ከአዲስ አበባ ስንነሣ ቦርሳዬ ውስጥ ብስኩት ጨምሬ፣ ነገ እዚያ ቤት ምግብ ሲቀርብ «ጨጓራዬን ያመኛል» ልል በልቤ ተዘጋጅቼ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሣ፤ ጥቂት ከመንገዳችን የሚያወጣን ቢሆንም። እኛ የወንጌል አማኞች የቀጥቃጭ ዕዳ አለብን። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ወደ ሀገራችን ከመጡት የፕሮቴስታንት ወንጌላውያን መካከል ብዙዎቹ ሰባኪዎች ብቻ አልነበሩም፤ ባለእጆች ነበሩ። በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ አጠገብ ባለው በቅዱስ ክሪሾና የተማሩ፣ በኢየሩሳሌሙ ጳጳስ በሳሙኤል ጎባት የተላኩ ናቸው። እነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሰፈሩ። ሐሳባቸው እየሠሩ መጽሐፍ ቅዱስን ማስተማር ነበር። ንጉሡ ግን መድፍ ፈለጉ፤ እነርሱም የማያውቁትን ሥራ ተገድደው ሠሩ። ሴባስቶፖል የተባለውና ወደ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል የሚባልለት መድፍ እዚያ ተቀልጦ ተሠርቶ በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ ተጎተተ፤ በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ ግን ለንጉሡ አልደረሰላቸውም። ኢሳይያስ ምዕራፍ 2 ሰይፍ ማረሻ ስለሚሆንበት ቀን ይናገራል፤ ኢዩኤል ምዕራፍ 3 ደግሞ ማረሻው ሰይፍ ሲሆን ያሳያል። የጋፋት ወንድሞች የኢሳይያስን ይዘው መጥተው የኢዩኤል ደረሰባቸው።

ንቀቱን በአዋጅ ለማስቀረት የሞከሩም ነበሩ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በእጅ ሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። በጎንደር አካባቢ ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ይህን ስድብ ለብዙ ዘመን ተሸክመው በመጨረሻ በብዛት ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ብቻ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ በአውሮፕላን ተወሰደ። አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 ላይ ፍልስጥኤማውያን በእስራኤል ምድር ብረት ሠሪ እንዳይገኝ እንዳደረጉ፣ ሕዝቡም ማረሻውን ለማሳል ወደ ጠላት ይወርድ እንደነበር እናነባለን። እኛ ዘንድ ይህን ያደረገብን ጠላት አልነበረም፤ ራሳችን ነን። «ጠይብ» ብለን የምንሰድብበት ቃል እንኳ ሥሩ «ጠቢብ» ነው። በዘጸአት 31 ባስልኤል በእግዚአብሔር መንፈስ የተሞላው በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ እንደነበረም አስታውሱ።

ወደ መንገዳችን እንመለስ። በማግሥቱ ጋሼንና እትዬን ይዘን ወደ ቡሬ ሄድን። በመካከል ማንኩሳን ታልፋላችሁ፤ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው እዚያ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ያ መጽሐፍ ትውልድ ስለለያያቸው ሁለት ሰዎች የተጻፈ መሆኑን ሳስብ በመኪናው ውስጥ ተሸማቀቅሁ። በየደጁ በርበሬ ተሰጥቷል፤ ቀይ ምንጣፍ ይመስላል፤ መስኮት ከፍታችሁ ከሆነ ታስነጥሳላችሁ። ቡሬ አጠገብ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው ትልቁ የዘይት ፋብሪካ ከሩቅ ይታያል። ከተማውን አልፈን አስፓልቱን ለቀን ጥቂት በእግር ሄድን።

የልጅቷ አባት በሥራ ልብሳቸው ላይ ጋቢ ደርበው ተቀበሉን። ደጃቸው ላይ ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ለማሳል የመጡ ገበሬዎች ተቀምጠዋል። ገበሬዎቹ ጨዋታቸው ሞቅ ያለ ነው፤ ነገር ግን ከእነርሱ አንዱም ወደ ቤት አልገባም፤ ውኃም በየራሳቸው ኮዳ ነው የሚጠጡት። ሽምግልናው አጭር ነበር። ባለቤቴ ተነሥቶ፣ «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አለ። አባትየው ወዲያው አልመለሱም። «መጋቢ፣ የልጁ ዘመዶች እኛን ያውቁናል?» ብለው ጠየቁ። ባለቤቴም አልዋሸም፤ «እናቱ አውቀዋል፤ ተጨንቀዋል» አለ። አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቱን ስለነገራችሁኝ እሰጣለሁ» አሉ።

ማዕድ ቀረበ። የዶሮ ወጥ ነበር፤ ለእንግዳ ክብር። የልጅቷ እናት እጃችንን አስታጥበው መሶቡን ከከፈቱ በኋላ ዞር አሉ፤ ፊታችንን ላለማየት ይመስለኛል። ስንት እንግዳ በዚያ መሶብ ዙሪያ «ጾም ነኝ» ብሎ ይሆን? ጋሼ መጀመሪያ ቆረሱ። እኔ ቆረስሁ። እጄ ሲዘረጋ እንደከበደኝ አልደብቃችሁም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የተሰበሰበ ፍርሃት በአንድ ጉርሻ አይወጣም። ሁለተኛውን ጉርሻ እናትየው እርሳቸው አጎረሱኝ፤ ሦስተኛውንም። በመንገዳችን ላይ ብስኩቱን ለልጆች ሰጠሁት።

አባትየውና ጋሼ ከምሳ በኋላ ወደ ምድጃው ወጡ። ጋሼ ለሙሽሮቹ የጀመሩትን ቢላዋ ይዘው መጥተው ኖሯል፤ ማጥለቁን በአያ ምድጃ ማድረግ ፈልገው ነው። አባትየው ማግኔት አያውቁም፤ ቀለሙን በጥላ ውስጥ አይተው ብቻ «አሁን» አሉ። ጋሼ ማግኔታቸውን አስጠጉ፤ አልሳበችም። ሁለቱ ተያይተው እንደ ሕፃናት ሳቁ። ለእኔ ደግሞ አባትየው ከግድግዳው ላይ አንድ ያለቀ ቢላዋ አውርደው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፤ በመጀመሪያ የነገርኋችሁ ይኸው ነው። ዋጋውን ብጠይቅ ተቆጡ።

ሠርጉ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ተፈጸመ። ድፎ ዳቦው በጋሼ ቢላዋ ተቆረሰ። የወጣቱ እናት ተገኝተው ነበር፤ ነጭ ለብሰው ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ሙሽራዋን ስመው አለቀሱ። በመልሱ ቀን ግን የልጅቷ እናት ከቡሬ ይዘው የመጡት ምግብ ሲቀርብ፣ «ጨጓራዬን ያመኛል» አሉ። ሰበቡን አውቀዋለሁና አልፈረድሁባቸውም፤ አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥሁና ከሳህኔ መብላት ቀጠልሁ። አሁን የልጅ ልጅ አቅፈዋል፤ ከምራታቸው እጅ ቡና ይጠጣሉ። የቡሬውን ቤት ግን እስከ ዛሬ አልረገጡም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ላይ በክልሉ ግጭት ሲነሣ ያ መንገድ ተዘጋብን። በነሐሴ ወር በፍኖተ ሰላም በደረሰው ፍንዳታ ብዙ ሰዎች መሞታቸውን ስንሰማ ስልክ ብንደውል መስመር አልነበረም። ባለቤቴና እኔ ለብዙ ቀናት በጋሼና በእትዬ ስም ስንጸልይ ሰነበትን። በመጨረሻ አንድ ማታ ስልኩ ጠራ፤ እትዬ ነበሩ። «አለን፣ ተርፈናል» አሉ። ጋሼስ አልኋቸው። ከሱቅ ዕቃ ስለማይመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ማጭድ እያለ ደጃቸውን እንዳጣበበ፣ ባሌስትራው እንዳለቀ፣ ከሰሉ እንደተወደደ ነገሩኝ። «ቢላዋውን ትቶ ማጭድ ብቻ ነው የሚቀጠቅጠው። እኔም ወናፉ ላይ ነኝ» አሉና ስልኩ ከመቋረጡ በፊት፣ «የአንቺስ ቢላዋ ዶለዶመ ወይ? ከዶለዶመ ሳህን ገልብጪና በሸክላው ቂጥ ላይ ሳይው፤ እስክትመጪ ያቆይሻል» አሉኝ።